ካምቢዮ ከማስወረዳችሁ በፊት የፍሪሲዮን ማስተሩን እዩ

በዚህ መስመር የምንነግድ ሰዎች ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ኬላ ሌሊቱን ሙሉ ብናወራ አይሰለቸንም። ዕቃችንን የሚሸከመው መኪና ጋ ስንደርስ ግን “ሹፌሩ ያውቃል” ብለን እናልፋለን። ዛሬ የምጽፈው ለሹፌሩ ብቻ ልንተወው ስለማይገባ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ስለ ፍሪሲዮን ማስተር። ከጡጫ ብዙም የማይበልጥ ብረት ነው፤ መንገድ ላይ ሲያስቀር ግን ሙሉ ጭነት ያስቀራል።

ሐሳቤን ገና ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። አሮጌ መኪና ላይ ማስተሩ መድከም ከጀመረ፣ ጎሚኒ እየቀያየሩ ድንበር መሻገር ቁጠባ አይደለም። የሚያዋጣው ሙሉውን መቀየር ነው፤ የታችኛውንም አብሮ። ሌላው ሐሳቤ መካኒኮቻችንን ሊያስቀይም ይችላል፦ ማርሽ አልገባ ባለ ቁጥር “ካምቢዮው ይውረድ” የሚል ባለሙያ መጀመሪያ ማስተሩን ካላየ፣ መኪናችሁን አታስረክቡት።

መኪኖቻችን እያረጁ ነው፤ የሚተካቸውም እየራቀ ሄዷል። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ኪስ የሚያደርቅ ነገር አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ኬንያም ብትሆን ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና አታስገባም። ስለዚህ ዛሬ በእጃችን ያለው ሃይሉክስ፣ ዶልፊን ወይም አይሱዙ ገና ብዙ ዓመት እንጀራ ያበላናል ብለን የምንጠብቀው መኪና ነው። እንዲህ ያለውን መኪና “እስኪሞት ንዳው” ማለት የራስን ሱቅ በራስ እጅ መዝጋት ነው።

አሠራሩ ብዙ አያስቸግርም። ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘች ዘንግ ማስተሩ ውስጥ ያለችውን ፒስተን ትገፋለች። ፒስተኗ የፍሬን ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ወደ ታች ትልካለች። ካምቢዮው ጎን የተቀመጠው የታችኛው ሲሊንደር ግፊቱን ተቀብሎ ሹካውን ይገፋል፤ ሹካው ኩሽኔታውን ይገፋል፤ ያኔ ሸራው ከሞተሩ ይላቀቅና ማርሽ ይገባል። በመሃል ግፊቱን ይዘው የሚያቆዩት ፒስተኗ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ በየቀኑ ስንት መቶ ጊዜ የተረገጠ ጎሚኒ አንድ ቀን እምቢ ቢል ምን ይገርማል? መርካቶን በገበያ ቀን የነዳ ሰው ሒሳቡን ራሱ ይሥራው።

እምቢ የሚለው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ወደ ውጭ ማፍሰስ ነው። ዘይቱ የፔዳሉን ዘንግ ተከትሎ ወደ ጋቢና ይገባል፣ ምንጣፉን ያረጥባል፣ ያገኘውን ቀለም ይልጣል። ሹፌሩ “ጫማዬን አረጠበኝ” ካላችሁ ዝናብ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ጎንበስ ብላችሁ ከፔዳሉ በላይ ያለውን ቦታ በጣታችሁ ዳብሱ። ሌላኛው ግን ተንኮለኛ ነው። ዘይት አይጎድልም፣ የሚታይ እርጥበትም የለም። ጎሚኒው ግፊቱን መያዝ አቅቶት ዘይቱን እዚያው ማስተሩ ውስጥ ወደ ኋላ ያሳልፈዋል። ፔዳሉ እግር ሥር ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ደጋግመው ሲረግጡት ደግሞ ለጊዜው ይነሳል። ሹፌሮች “ፓምፕ አድርገው” የሚሉት ይህንን ነው። በዚህ ዘዴ ሳምንታት የሚነዱ አሉ፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው። ችግሩ ለሹፌሩ እግር ልማድ ሆኖ ይቀርና ለባለ ንብረቱም ለባለ ዕቃውም ማንም አይነግራቸውም።

ስለዚህ እኔ ዕቃ ከመጫኔ በፊት የማስደርገው አንድ ፈተና አለ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ከፊቱ ሰው አይኑር። ሞተሩ ተነስቶ፣ ፍሪሲዮኑ እስከ ወለል ተረግጦ፣ አንደኛ ማርሽ ይገባል። ሌላኛው እግር ፍሬኑ ላይ ተዘጋጅቶ፣ ሳይጫን፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይጠበቃል። በደቂቃው ውስጥ መኪናው በራሱ መንፏቀቅ ከጀመረ ግፊቱ እየሸሸ ነው። ቀጥሎ የኋላ ማርሽ ይሞከራል። ሞተር ጠፍቶ እሺ ብሎ የሚገባ ማርሽ ሞተር ሲነሳ የሚንጫጫ ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ እየለቀቀ አይደለም። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ሰዓትና ጆሮ ይበቃል።

ይህ ምልክት ከሌላው ጋር እንዳይምታታባችሁ። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተጓዘ፣ የሚቃጠል ሽታም ካለ፣ ያኔ ሸራው አልቆ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላልና ካምቢዮ ቢወርድ ተገቢ ነው። ማርሽ አልገባ ማለትና ሸራ መንሸራተት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። መጀመሪያ ዓይን የሚታይበት ቦታ ይታያል፣ ከዚያ ካምቢዮ ይወርዳል። ካምቢዮ ማውረድ ማለት የቀን ሥራ፣ የብዙ ሰው ጉልበት፣ ከዚያም ላይ “አንዴ ከወረደ” እየተባለ የሚቀየር ሸራ፣ ፕሬዠርና ኩሽኔታ ማለት ነው።

የማውቃት አንዲት ነጋዴ ሃይሉክሷ ማርሽ አልገባ አላት። አንድ ጋራዥ ሁለት ቀን ሠርቶ ሦስቱንም ቀየረላት። መኪናው ሲወጣ ማርሹ ገባ፤ መግባቱም አይገርምም፣ ሲገጥሙት አየሩን አውጥተው አዲስ ዘይት ሞልተውበታልና። ሦስተኛው ቀን ላይ ፔዳሉ እንደገና ሰመጠ። ሌላ መካኒክ ማስተሩን ከምሳ በፊት ቀይሮ ሰጣት። የሚያናድደው የወረደው አሮጌ ሸራ ገና ብዙ የሚሄድ መሆኑ ነው። ጋራዡ አጭበርባሪ ነበር አልልም። ካምቢዮ ማውረድ የተሻለ ይከፍላል፤ ደንበኛዋም “ማርሽ አልገባም” ከማለት ሌላ የነገረችው የለም። “ስረግጠው ይሰምጣል፣ ስደጋግመው ይነሳል፣ ሞተር ሲጠፋ ይገባል” ብትል ኖሮ ጨዋታው ሌላ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ባለ ንብረት ሁሉ፣ በተለይ መኪና ገዝተን ለሹፌር የምንሰጥ ሴቶች፣ እነዚህን ሦስት ምልክቶች በቃላችን እንያዝ የምለው። ጋራዥ በር ላይ የሚያስከብረው ድምፅ ከፍ ማድረግ ሳይሆን ምልክቱን በትክክል መናገር ነው።

አሁን ወደ ጎሚኒው ልምጣ። ብዙ የማከብራቸው መካኒኮች “ጎሚኒ ቀይር፣ ይበቃል” ይላሉ፤ ለብዙ ዓመታትም በዚህ ሠርተዋል። ትክክል የሚሆኑበት ጊዜ አለ፦ የማስተሩ ውስጥ እንደ መስታወት ለስላሳ ከሆነ፣ ጎሚኒውም ትክክለኛው ከሆነ። የአሮጌ መኪና ማስተር ውስጡን በመብራት ብታዩት ግን ብዙ ጊዜ ዝገት ወይም ጭረት ታያላችሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ብረቱን ይበላዋል። በዚያ ሻካራ ግድግዳ ላይ አዲስ ጎሚኒ ማስገባት አዲስ ጫማ አድርጎ ጠጠር ላይ እንደ መጎተት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈገግ አድርገው የሚያስገቡም አሉ። ብረት ከሆነ በልኩ ቢለሰልስ ያስኬድ ይሆናል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ግን የላዩ መከላከያ ተፋቀ ማለት ነውና ዕድሜው አጭር ነው። በከተማ ለሚዞር ታክሲ ይህ ሁሉ ችግር ላይሆን ይችላል፤ ቢበላሽ ጋራዡ ማዶ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከሞያሌ ኢሲዮሎ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ መኪና ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ከቱርቢ ወደ ማርሳቢት በዲዳ ጋልጋሉ ሜዳ ያለፈ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። እዚያ ድንጋይና ነፋስ እንጂ ጎሚኒ የሚሸጥ ሱቅ የለም። የጎሚኒና የሙሉ ማስተር ዋጋ ልዩነትን ከመኪና መጎተቻ፣ ከሁለት ሌሊት አልጋ፣ ከሹፌርና ከረዳት አበል፣ ከተበላሸ ቲማቲም ጋር አስቀምጡና እዩት።

የታችኛውንስ ለምን አብሮ? አብረው ስላረጁ ነው። ላይኛው አዲስ ሆኖ ሙሉ ግፊት መስጠት ሲጀምር፣ ለዓመታት በለስላሳ ግፊት የኖረው የታችኛው ጎሚኒ ብዙ ሳይቆይ ማፍሰስ ይጀምራል። በመካከላቸው ያለችው የጎማ ቱቦም እንዲሁ፤ ከሰነጠቀች ወይም ስትረገጥ የምታብጥ ከሆነ አብራ ትቀየር። ዘይቱ አንዴ ሊፈስ፣ አየሩ አንዴ ሊወጣ፣ ለሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ መክፈል ለምን?

ዕቃውን ከየት እንግዛ የሚለው ደግሞ እኛን ድንበር ተሻጋሪዎችን በተለይ የሚመለከት ነው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አለ፣ ናይሮቢ ኪሪንያጋ መንገድ፣ ካምፓላ ኪሴካ ገበያ። ኪሪንያጋ መንገድ ላይ የሚሸጠው በአብዛኛው ለቀኝ መሪ መኪና የተሠራ መሆኑን ግን አትርሱ። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ በግራ ይነዳሉ፤ ኢትዮጵያና ጅቡቲ በቀኝ። ሶማሌላንድ ደግሞ መንገዱ በቀኝ ሆኖ አብዛኛው መኪና የቀኝ መሪ ነው፤ ይህ የራሱ ጉድ ያለው ጉዳይ ነው፣ ለሌላ ቀን። ማስተሩ የሚቀመጠው በፔዳሉ በኩል ስለሆነ፣ በብዙ ሞዴሎች የቀኝ መሪና የግራ መሪ ማስተር የቱቦው አቅጣጫ ወይም የማሰሪያው ቅርፅ ይለያያል። “ያው ሃይሉክስ ነው” ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ላይዋሽ ይችላል፤ ሃይሉክስ ነው፣ የእናንተ ሃይሉክስ ግን አይደለም። ስለዚህ አሮጌውን አስፈትታችሁ በእጅ ይዛችሁ ሂዱ። ካልተቻለ ፎቶውን ከአራት ጎን አንሱት፣ የሻሲ ቁጥሩንም ያዙ።

ሁለተኛው የሚታየው የውስጥ ስፋቱ ነው። ብዙ ጊዜ አካሉ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፣ 5/8 ወይም 3/4 ኢንች ተብሎ። 5/8 ማለት 15.87 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3/4 ደግሞ 19.05። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ነው፣ ለሥራ ግን ትልቅ። ሰፊውን ብትገጥሙ ፔዳሉ ይከብዳል፤ ጠባቡን ብትገጥሙ ፔዳሉ ይቀላችኋል፣ ግን ወደ ታች የሚሄደው ዘይት ስለሚያንስ ፍሪሲዮኑ በደንብ አይለቅም። ከዚያ “አዲስ ማስተር ገጥሜም ማርሹ እምቢ አለ፣ እንግዲህ ካምቢዮ ነው” ይባልና ወደ ተነሳንበት እንመለሳለን።

አስመስሎ የተሠራ ዕቃ በታወቀ ስም ካርቶን ውስጥ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ አንዳንዶቻችን ራሳችን ስንሸጠው ኖረናል፣ እውነቱን እንነጋገር። ካርቶን አይመሰክርም። ፒስተኗን በጣት ስትገፏት ሳትንገጫገጭ ገብታ በስፕሪንጓ ፈጥና መመለስ አለባት። የቱቦው ጥርስ ንጹሕ ይሁን። ክብደቱን ከአሮጌው ጋር አነጻጽሩ። ከተበተነ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ይሻላል የሚሉም አሉ። እኔ የምስማማው ሊፈታ፣ ውስጡ ሊታይና በአዲስ ኦሪጅናል ጎሚኒ ሊገጠም ከሆነ ብቻ ነው። እንዳለ አውጥቶ እንዳለ መግጠም የሌላ ሰው በሽታ መግዛት ነው።

ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም። አጠገቡ ቆማችሁ ልታዩት ትችላላችሁ፤ እንድትቆሙም እመክራለሁ። ዘይቱ ይቀዳል። በጋቢና በኩል ዘንጉን ከፔዳሉ የያዘችው ፒን ኮፒሊያዋ ወጥቶ ትፈታለች። በኮፈኑ በኩል ቱቦው ይፈታል፣ አብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች ላይ በ10 ቁጥር። የቱቦው ዳዶ ለስላሳ ስለሆነ በተራ ቁልፍ ከታገሉት ይላጣል፤ ዙሪያውን የሚይዘው የቱቦ ቁልፍ ያለው መካኒክ ፈልጉ። ቀጥሎ ሁለቱ ማሰሪያ ዳዶዎች ይፈታሉ፣ ብዙ ጊዜ 12 ቁጥር ናቸው። አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘይት ተሞልቶ በእጅ እየተገፋ አየሩ ቢወጣ በኋላ ብዙ ድካም ያድናል። የፈሰሰ ዘይት ቀለም ስለሚበላ ወዲያው በውሃ ይታጠብ።

ከዚያ የአየር ማውጣቱ ነው፤ እዚህ ላይ ነው የሚቸኮለው። አንዱ ይረግጣል፣ ይዞ ይቆያል፤ ሌላው ከታች ያለችውን ማስተንፈሻ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ብቻ እግር ይነሳል። በቱቦው የሚወጣው ዘይት አረፋ እስኪያቆም ይደገማል። በመሃል የላዩ ዕቃ ዘይት ካለቀ አየር ይገባና ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። በመጨረሻ የዘንጉ ልክ ይስተካከል። በብዙ ቶዮታዎች ፔዳሉ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ያህል በነፃ መውረድ አለበት። ዘንጉ ከተወጠረ ፒስተኗ ሙሉ በሙሉ አትመለስም፣ ግፊቱ ተይዞ ይቀራል፣ ሸራውም እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ደህና ሸራ በማስተር ቅየራ ምክንያት ሲያልቅ ያየሁት በዚህ ነው።

ዘይቱን በተመለከተ አጭር ልሁን። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ዶት 3 ካለ ዶት 3። አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ቱቦው በጭስ ማውጫው አቅራቢያ በሚያልፍበት መኪና፣ በአፋር ወይም በማርሳቢት ቀትር፣ ይህ ልዩነት ይታያል፦ ፔዳሉ ቀን ይሰንፋል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ ዘይት አትግዙ። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምር ሹፌር ካጋጠማችሁ ደግሞ ጎሚኒው በሙሉ ያብጣልና የተነካው ሁሉ ሊቀየር ነው። ፍሬኑና ፍሪሲዮኑ ከአንድ ዕቃ ዘይት የሚጋሩባቸው መኪኖችም አሉ። እነሱ ላይ ነገሩ ከፍሪሲዮንም ያልፋል።

ከባዱ ጥያቄ ግን ማን ይክፈል የሚለው ነው። መኪናው የባለ ንብረቱ፣ እግሩ የሹፌሩ፣ ዕቃው የእኛ ነው። ሹፌሩ ከዲላ ደውሎ “ፔዳሉ እየሰመጠ ነው” ይላል፤ ባለ ንብረቱ “ዘይት ጨምርና ድረስ” ይላል፤ ሹፌሩም ያለ ፍሪሲዮን ማርሽ እያስገባ ወደ ቡሌ ሆራ ዳገት ይወጣል። ይህን የሚችሉ ጎበዝ ሹፌሮች አሉን፤ ግን ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገት ላይ አንዴ ከቆመ በምን ይነሳል? ከኋላው ያለው ሚኒባስስ? የኮሜሳ የሎው ካርድ ሦስተኛ ወገን ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለቆመ መኪናና ለተበላሸ ዕቃ አይደለም።

በእኔ አስተያየት ዕቃውና ቅየራው የባለ ንብረቱ ነው፤ አከራካሪ አይደለም። መንገድ ላይ በዚህ ምክንያት የባከነው ቀንም የእሱ ነው። ነገር ግን ነጋዴው ፈተናውን አይቶ፣ መንፏቀቁን እያየ፣ “ገበያ ያመልጠኛል” ብሎ ካስጫነ ኪሳራውን መካፈል አለበት። ሹፌሩ ላይ የሚቆረጥ አበል ግን ነውር ነው፤ ችግሩን የሚናገር ሹፌር ከተቀጣ ቀጣዩ ሹፌር ዝም ይላል። እኔ አሁን በምፈርመው የኪራይ ውል ላይ አንድ መስመር አለ፦ “ከመጫኑ በፊት የፍሪሲዮንና የፍሬን ፈተና በሁለቱም ወገን ፊት ይደረጋል፤ ያላለፈ መኪና አይጫንም።” ሁለት ባለ ንብረቶች ሳያንገራግሩ ፈርመዋል። ሦስተኛው “አንቺ ነጋዴ ነሽ ወይስ መካኒክ?” ብሎኝ ዕቃዬን ሌላ መኪና ላይ ጭኛለሁ።

ናይሮቢ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር ብትረዱን። ለግራ መሪ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር የሚሆን ማስተር አስቀድሞ ታዞ የሚመጣበት አስተማማኝ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ፣ የውስጥ ስፋቱን ጭምር ጠቅሳችሁ ጻፉልን። ሞያሌ ላይ ሁለት ሦስቱን ገዝቶ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ቢኖር ደንበኛ የሚያጣ አይመስለኝም።